ለዒላማ የሚገዛ ጠመንጃና የገዢው ልብ



በሰሜን አሜሪካ የሚኖር አንድ የቁምስናችን ልጅ በቅርቡ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ወደ ዒላማ መተኮሻ ሜዳ መሄድ እንደ ጀመረ፣ ጨዋታውን እንደ ወደደውና የራሱን ጠመንጃ ሊገዛ እንዳሰበ ገለጠልኝ። ከሱቅ ሁለት የፋብሪካ ጠመንጃዎች ለይቷል። አንደኛው የእንጨት ሰደፍ ያለው፣ በትንሽ ጥይት የሚሠራና ለእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ የሚቀባበል ነው። ሁለተኛው በመልኩ የወታደር መሣሪያ የሚመስል፣ ብዙ ጥይት የሚይዝ ካዝና ያለውና ቃታው በተሳበ ቁጥር ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ ነው። «አባ፣ ነገሩ ኃጢአት ነውን? ካልሆነስ የትኛውን ልምረጥ? እናቴ ሰምታ አለቀሰች» ይላል። መልሴ ሌሎችንም ይጠቅም እንደሆነ በማለት፣ በእርሱና በእናቱ ፈቃድ እዚህ አቀርበዋለሁ።

እናቱ ለምን እንዳለቀሰች አውቃለሁ። በልጅነታችን ጎረቤታሞች ነበርን። በአባቷ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ምንሽር ተሰቅሎ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ አወረደውና ባዶ መስሎት በጨዋታ ወደ ታናሹ አነጣጠረ። ባዶ አልነበረም። የሞተው ልጅ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር፤ የተኮሰው ዛሬም በሕይወት አለ፤ ስለዚያ ቀን ሲናገር ግን የሰማው ሰው የለም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል፤ የጣት ወለምታማ ከዚያ ይብሳል። ስለዚህ ጠመንጃን እንደ ተራ ዕቃ ቆጥሬ አልጽፍም። ቢሆንም እንባ የነገሩን ክብደት ያሳያል እንጂ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

በመጀመሪያ፣ ጨዋታ ራሱ የተፈቀደ ነውን? ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ጨዋታ ሲያስተምር ከቀደሙት አባቶች ጽሑፍ አንድ ታሪክ ያነሣል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት ያዩ ሰዎች ተሰናከሉ። እርሱም ከመካከላቸው ቀስት የያዘውን ሰው ደጋግሞ እንዲወረውር አዘዘውና ያለ ዕረፍት እንዲህ ማድረግ ይችል እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው፣ ቀስቱ ሁልጊዜ ከተወጠረ እንደሚሰበር መለሰ። ዮሐንስም የሰው መንፈስ ያለ ዕረፍት ቢወጠር እንዲሁ እንደሚሰበር አስረዳቸው። ስለ ጨዋታ የተሰጠው ይህ ጥንታዊ ትምህርት ምሳሌውን የወሰደው ከመወርወሪያ መሣሪያ መሆኑ ለጥያቄያችን ይስማማል።

ሁለተኛ፣ ለጦርነት የተፈጠረ መሣሪያ ለጨዋታ ሊውል ይችላልን? ጦር ውርወራና ቀስት ዛሬ የስፖርት ዓይነቶች ናቸው። የጠመንጃና የሽጉጥ ተኩስም እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴና ከተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ጀምሮ የሚታወቅ ውድድር ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለ። በኤርትራ ተወልዳ በስዊዘርላንድ በስደት የምትኖረው ሉና ሰሎሞን፣ የኦሎምፒክ ባለወርቁ ጣሊያናዊ ኒኮሎ ካምፕሪያኒ አሠልጥኗት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ከስደተኞች ቡድን ጋር በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተወዳድራለች። በዚህ ውድድር የዒላማው መካከለኛ ነጥብ ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያን ለመምታት ትንፋሽን መግዛት፣ ልብን ማረጋጋት፣ ቃታን ያለ ችኮላ መሳብ ያስፈልጋል። ቁጡ ሰው አይሆንለትም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ተኩስ ራስን የመግዛት ትምህርት ሊሆን ይችላል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ የትኛውን ይምረጥ? የግብረ ገብ ትምህርት እንደሚያስረዳን ምርጫ የሚሆነው በመንገዱ ላይ ነው፤ መንገዱ ደግሞ የሚለካው በመድረሻው ነው። የዚህ ወጣት መድረሻ በወረቀት ላይ የምትታይ ትንሽ ቀዳዳ ናት። ለዚህች ቀዳዳ ምን ያስፈልጋል? እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካ የተሠራችውና 5.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ጥይት ለ50 ሜትር ዒላማ እስከ ዛሬ ታገለግላለች፤ ዋጋዋ ርካሽ፣ ርግጫዋ ቀላል ነው። ሰደፉ ለትከሻው የሚስማማ፣ ማነጣጠሪያው የጠራ፣ ቃታው ሳይንገራገጭ የሚሳብ፣ ክብደቱ እጁን የማያንቀጠቅጥ ጠመንጃ ይበቃዋል። ባሩድ የሌለበት የአየር ጠመንጃም ለዚሁ ግብ ሊበቃ ይችላል።

እንግዲህ አንድ ሰው ዒላማውን ለመምታት ከሚያስፈልገው እጅግ የሚበልጥ መሣሪያ ሲመርጥ፣ ትርፉ ለምን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። ምናልባት ለራሱ ያልተናዘዘው ሌላ መድረሻ አለው፤ መፈራትን፣ በጓደኞች ፊት መታየትን፣ ወይም በመስታወት ውስጥ ራሱን እንደ ጀግና ማየትን ይሻ ይሆናል። ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ሁሉ የክፉ ሐሳብ ምልክት ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚመረተው ሩገር 10/22 እንዲህ ያለ ነው፤ ብዙዎችም በንጹሕ ልብ ወረቀት ይተኩሱበታል። የምጠይቀው ስለ ብረቱ አይደለም፤ ብረቱን ያስመረጠውን ምኞት ነው። ሁለቱን ጠመንጃዎች ፊት ለፊት አስቀምጦ «ማንም ባያየኝ የትኛውን እገዛ ነበር?» ቢል፣ ከእኔ ምክር ይልቅ የገዛ ኅሊናው ይመልስለታል።

ልከኝነት በዋጋም ይፈተናል። በልዩ ትእዛዝ የሚሠራ ጠመንጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1856 የተመሠረተው የጀርመኑ አንሹትዝ ለኦሎምፒክ ተወዳዳሪዎች የሚያዘጋጀው ዓይነትም አለ። ለጀማሪ ግን ተራው የፋብሪካ ጠመንጃ ከተኳሹ ክህሎት የሚበልጥ ትክክለኛነት አለው። ስለዚህ ጥይቱ ዒላማውን ሲስት መሣሪያውን ከመለወጥ በፊት ራስን ማሠልጠን ይገባል። በየወሩ ለአረጋዊት እናት የሚላከው ገንዘብ ለአዲስ ማነጣጠሪያ መነጽር ሲባል ከተቀነሰ ደግሞ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል።

ቀጥሎ ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2290፣ በስካር ወይም በፍጥነት ፍቅር የራሱንና የሌላውን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል ሰው ከባድ በደል እንደሚሆንበት ያስተምራል። ይህ ለተኩስም ይሠራል። ያች ትንሽ ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ልትጓዝ ትችላለች። ጠመንጃ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ ይቆጠር፤ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፤ ጣት እስከ መጨረሻው ቅጽበት ከቃታ ይራቅ፤ በቤትም ጥይቱ ወጥቶ ለብቻው፣ ጠመንጃውም ለብቻው ይቆለፍበት። ግድግዳ የጠመንጃ ቦታ አይደለም፤ ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። የሚኖርበት አገር ሕግም ይከበር። በአገራችንም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ በሌላ አገር የተፈቀደውን ለእኛም እንደ ተፈቀደ የሚቆጥር አንባቢ እንዳይኖር አሳስባለሁ።

በመጨረሻ የእናቱ እንባ ይቀራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጣዖት የተሠዋ ሥጋን መብላት በራሱ እንደማይጎዳ እያወቀ፣ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ግን እንደሚተወው ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከተካሄደው ጦርነት በኋላ የተኩስ ድምፅ ለብዙ ቤተሰብ የሬሳ መርዶ ሆኗል። የተፈቀደ ነገር ሁሉ በሁሉ ፊት፣ በሁሉ ጊዜ አይደረግም።

ስለዚህ ለልጃችን እንዲህ ጻፍሁለት። «ልጄ ሆይ፣ ኃጢአት አይደለም። ከሁለቱ የመጀመሪያውን ብትመርጥ ከግብህ ጋር ይስማማል። ነገር ግን አትቸኩል፤ አንድ ዓመት ያህል በሜዳው በሚከራይ ጠመንጃ ተለማመድ። ፍቅርህ ለዒላማው ከሆነ ይጸናል፤ ለብረቱ ከሆነ ይበርዳል። ከመግዛትህም በፊት እናትህን አነጋግራት፤ የምትለውን ሁሉ እስክትጨርስ ስማት። ስለ ሞተው ወንድሟ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ትነግርህ ይሆናል። ያን ከሰማህ በኋላ ብትገዛም፣ ባትገዛም፣ ውሳኔህ የሰው ውሳኔ ይሆናል።»

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በእጃችሁ ያሉት ወጣቶች ጠመንጃ ላይገዙ ይችላሉ፤ ስልክ፣ ሞተር ብስክሌት፣ ልብስ ግን ይገዛሉ። የምትፈልገው ነገር ለምን ግብ ነው? ከግቡ የተረፈውስ ለማን ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አስተምሯቸው። የሰላም አምላክ ልባችንን ያቅናልን። አሜን።