በአፍ የበሰለ ማዕድ

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል ባልትናን ከመጽሐፍ ይልቅ ለእጅና ለልብ ያስረክባል። እናት ለልጅዋ ወጥ ስታስተምር በሚዛን አትለካም፤ ትቀምሳለች፣ ታሸታለች፣ «ይኸኔ ውኃ ጨምሪ፣ አሁን አማስዪ» ትላለች። የምትማረው እጅ ከምታስተምረው እጅ አጠገብ እስካለች ድረስ ጽሕፈት አያሻም። ጥያቄው የሚነሣው ሁለቱ እጆች በተለያዩ ጊዜ፣ ይልቁንም እህሉም እሳቱም በሌሉበት ስፍራ ነው። በረኀብ መካከል የምግብ አሠራር መጻፍ ምን ይረባል? ራስን ማጽናናት ነውን ወይስ ራስን ማሠቃየት?

ይህ በምናብ የተፈጠረ ጥያቄ አይደለም። ከፕራግ በስተሰሜን ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የቴሬዚን ከተማ ከ1941 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ናዚዎች አይሁድን ያጎሩባት የግዞት ሰፈር ነበረች። ወደዚያ ከተጋዙት ከ140,000 የሚበልጡ ሰዎች መካከል 33,000 ያህሉ እዚያው በረኀብና በበሽታ ሲያልቁ፣ ወደ 88,000 የሚጠጉት ወደ ሞት ካምፖች ተላኩ። በዚህች ከተማ ወይዘሮ ሚና ፔክተር የተባሉ አረጋዊትና ባልንጀሮቻቸው የኬኩን፣ የጉላሹን፣ የስትሩደሉን አሠራር ከትዝታ እያወጡ ጻፉ፤ ወረቀቱንም በእጅ ሰፍተው ደብተር አደረጉት። የግዞተኞቹ ሴቶች ስለ ምግብ ሲያወጉ መዋላቸውን «በአፍ ማብሰል» ይሉት ነበር።

ወይዘሮ ሚና በ1944 እ.ኤ.አ. በአይሁድ የጾም ቀን፣ በዮም ኪፑር፣ ዐረፉ። ደብተሩን ግን ለልጃቸው እንዲያደርስላቸው ለአንድ ወዳጃቸው አደራ ሰጥተው ነበር። አደራው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ ኒው ዮርክ ለነበረችው ልጃቸው ደረሰ። በ1996 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታተመ።

የተራበ ሰው ምግብን ባነሣ ቍጥር ረኀቡ ይብስበታል የሚል ተከራካሪ እውነት አለው። ነገር ግን ምኞትና ሙያ አንድ አይደሉም። ምኞት «ምነው ባገኘሁ» ይላል፤ ተናጋሪውም ሰሚውም አንድ ሆድ ነው። የምግብ አሠራር ግን «ጨምሪ፣ አማስዪ» ይላል፤ ትእዛዝም ሰሚ ይሻል። ስለዚህ እነዚያ ሴቶች አንዲት መስመር በጻፉ ቍጥር ከአጥሩ ባሻገር ምድጃ ያላት፣ እንግዳ የምትቀበል ሌላ ሴት እንዳለች አረጋገጡ። ግዞቱ በቀን ራሽን ቈጥሮ ተቀባይ ብቻ ያደረጋቸውን ሰዎች፣ ደብተሩ ሰጪና አስተማሪ አደረጋቸው። ረኀቡን አላስታገሠም፤ ረኀብ የሰውን ማንነት ጠቅልሎ እንዳይወስድ ግን ከለከለ።

ከዚህ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። በደብተሩ ውስጥ አንዳንዱ አሠራር ጐደሎ ነው፤ የሚገባው ቅመም ተዘንግቷል፣ የሥራው ቅደም ተከተል ተዛብቷል። የጠገበ አራሚ ጉድለቱን ሞልቶ ቢያሳትመው ኬኩ ይጣፍጥ ይሆናል፤ መጽሐፉ ግን ይዋሻል። የጐደለው እንቁላል የረኀቡ ምስክር ነውና። በእጅ የተሠራ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ሥራ የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የሠራችውን እጅ ብልኀት ብቻ ሳይሆን ድካሟንም ይዞ ይቈያል።

እንግዲህ ከዚህ ደብተር እያነበቡ ማብሰል ይገባልን? ነውር ነው የሚሉ ሰዎች ሐዘኑን ማክበራቸው ነው። ሆኖም ደብተሩ የተላከው ለሙዚየም መስታወት አልነበረም፤ ለልጅ ነበር። ልጅም ከእናቷ የምትወርሰውን ሙያ ልትሠራበት ይገባታል። የሚያበስለው ሰው ግን የጐደለውን ከራሱ ሲጨምር፣ የጨመረው የራሱ መሆኑን አይዘንጋ። የሟቾቹ ድርሻ በጻፉት ልክ፣ ከነጉድለቱ ይቀመጥላቸው።