የታደሰ ቤት ያው ቤት ነውን?

በጋምቤላ፣ በኢታንግ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ የአኙዋና የኑዌር ነባር ጎጆዎች በእንጨት ይቆማሉ፣ በጭቃ ይመረጋሉ፣ በሣር ይከደናሉ። ሣሩን ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፤ ክረምት ላይ ባሮ ሞልቶ ከወጣ ግድግዳውም ይናዳል። ስለዚህ ቤቱ በየጊዜው ይታደሳል። ከዓመታት በኋላ ከመጀመሪያው እንጨት አንድም ባይቀር፣ ቤቱ ያው ነው ሊባል ይችላል?

ጥያቄው የቆየ ነው። ግሪካዊው ፕሉታርክ፣ አቴናውያን የበሰበሰ ሳንቃዋን እየቀየሩ ያቆዩዋት የአፈ ታሪኩ ጀግና የቴሴዎስ መርከብ ፈላስፎችን እንዳከራከረች ጽፏል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጉዳዩን አከበደው፦ የተጣለው ሳንቃ ተሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢሠራበትስ?

አርስቶትልን የተከተሉ አሳቢዎች የነገሩን ማንነት ከቁሱ ይልቅ ለቅርጹና ለአገልግሎቱ ይሰጣሉ። ለመርከብ ይህ ሊበቃ ይችላል፤ ለቤት ግን ይጎድለዋል። ጎርፍ ሸሽቶ ከፍ ያለ ስፍራ ላይ ጎጆውን እንደገና የሠራ ቤተሰብ ቁሱም ቦታውም ተለውጦበታል፤ ቤቱን ያው የሚያደርገው እሳት የሚያነድበት፣ እንግዳ የሚቀበልበትና ጎረቤት የሚያውቀው ኑሮው ነው።

ይህ መልስ ለመጤም በር ይከፍታል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከሰሜንና ከደቡብ መጥተው በጋምቤላ የሠፈሩ ገበሬዎች ጎጆ ቀልሰዋል። ጣሪያ መክደን የሳምንታት ሥራ ነው፤ ጎጆው ቤት የሚሆነው ግን ነባሩ ሕዝብ ሠፋሪውን ጎረቤት ብሎ ሲቀበለው ነው፤ መሬቱ የነባሩ ሕዝብ ነበርና ያለ ፈቃዱ የሚቆም ጎጆ መጠለያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።