ሕመምን መናገር ትዕግሥትን ያፈርሳልን?

በአገራችን አንድ ሰው «ራሴን አመመኝ» ሲል የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው። «ቡና ጠጣበት»፣ «በሻሽ ጥፍር አድርገህ እሰረው»፣ «ዳማ ከሴ አሽተህ ጠጣ»፣ «ተኛበት ይለቅሃል»። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ አብዛኛው ራስ ምታትም በዚሁ ይለቃል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ ሐኪሞች «ክላስተር» ብለው የሰየሙት አንድ የራስ ሕመም አለ። ቃሉ ዘለላ እንደ ማለት ነው። ሕመሙ እንደ ዘለላ ፍሬ በአንድ ሰሞን ተከማችቶ ይመጣና ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይጠፋል።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ በሽታው ብቻ አይደለም። በሽታው የሚያስነሳውን አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ለመመርመር ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አማኝ ሰው ሕመሙን ለሰው ቢናገር፣ እንደሱ ከታመመ ሰው ጋር ተቀምጦ ቢወያይበት ሶብሩን ያጎድላልን? ወይስ ዝም ብሎ መሸከሙ ነው ታጋሽ የሚያሰኘው?

በቅድሚያ ሕመሙን እንወቀው። በራስ አንድ ጎን፣ በዓይን ዙሪያና በሰበሰቡ (በጆሮ ግንዱ) አካባቢ ይነሳል። የዚያው ጎን ዓይን ይቀላል፣ እንባ ያፈሳል፣ ቆቡ ይወርዳል፤ አፍንጫው ይደፈናል ወይም ይፈሳል። አንዱ ግርሻ ካልታከመ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፤ በቀን ከአንድ እስከ ስምንት ጊዜም ሊመላለስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ሰዓቱን ጠብቆ፣ በተለይም ሰው እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ይመጣል። ማይግሬን የያዘው ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ መንቀሳቀስ ሲፈራ፣ ይህ ግን በተቃራኒው መቀመጥም መተኛትም ይነሳዋል። ይንጎራደዳል፣ ራሱን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል፣ ግድግዳ ይመታል። ዓለም አቀፍ ጥናቶች ከሺህ ሰው አንዱን ገደማ በሕይወት ዘመኑ እንደሚይዝ ይገምታሉ። አሜሪካዊው ሐኪም ቤያርድ ሆርተን ሕመሙን በዝርዝር የገለጸው እ.ኤ.አ በ1939 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምረንበታል፣ ፈጽሞ የሚነቅለው መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቤት እናምጣው። በቢቸና ከተማ አንድ ባለሱቅ አለ እንበል። ቀን ጤፍ ሲሰፍር፣ ዘይትና ስኳር ሲሸጥ የሚያየው ሰው አንዳች ጉድለት አያገኝበትም። ሌሊት በሰባት ሰዓት ግን ከአልጋው ተፈናጥሮ ይነሳል፤ ግቢ ውስጥ እያቃሰተ ይሽከረከራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆኖ ተመልሶ ይተኛል። ሚስቱ ትደነግጣለች፣ ልጆቹ ይፈራሉ። ጎረቤት በአጥር በኩል ይሰማና የራሱን ትርጉም ይሰጣል። አንዱ «ነካክቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ዕዳ አለበት መሰለኝ፣ እንቅልፍ አጣ» ይላል፤ ሦስተኛው «ምች ነው» ብሎ ዋግምት ያዛል። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆኖ ድንገት ይተወዋል። ያን ሰሞን የተደረገለት ነገር ሁሉ፣ ሩቅያውም ሥራ ሥሩም፣ «አዳነው» ተብሎ ይነገርለታል። በዓመቱ ሕመሙ በዚያው ወራት ሲመለስ ግን ሰውዬው ራሱ ግራ ይጋባል። «እምነቴ ደከመ ይሆን? ኃጢአት ሠርቼ ይሆን?» ማለት ይጀምራል።

ልብ እንበል! በዚህ ሰው ላይ የወደቀው ሸክም አንድ አይደለም። አንዱ ሕመሙ ነው። ሌላው ሕመሙን የሚያምንለት ማጣቱ ነው። የመጀመሪያውን ያመጣው ሰው አይደለም፤ ሁለተኛውን ግን የምናሸክመው እኛ ነን።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ሶብር ማለት አፍን መዝጋት ነው። «ወንድ ልጅ ሕመሙን አያወራም»፣ «ሰው ፊት ማቃሰት ነውር ነው» እየተባልን አድገናል። ይህ የባህል ኩራት ቀስ በቀስ የሃይማኖት ልብስ ለበሰ። ነገር ግን የትዕግሥት ምሳሌ ሆነው የተሰጡንን ነቢያት ታሪክ ስናስተውል የምናገኘው ሌላ ነው። ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ለጌታቸው ተናገሩ፤ ከመናገራቸው ጋር ታጋሽ ተብለው ተወደሱ። ነቢዩ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ናፍቆት ዓይናቸው እስኪነጣ አዘኑ፤ ሐዘናቸው ታጋሽነታቸውን አልፋቀውም።

«እሱማ ለአላህ መናገር ነው፤ ለፍጡር መናገር ግን ይለያል» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱንም ከቀደምት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት ኢብኑል ቀይም ስለ ትዕግሥት በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጠውታል። የሐሳባቸው ፍሬ ይህ ነው፦ በአላህ ውሳኔ ላይ ለማጉረምረም ለሰው ማማረር ትዕግሥትን ይቃረናል፤ ነገር ግን ሰው ያለበትን ሁኔታ ምክር ወይም እርዳታ ፈልጎ፣ ጉዳቱንም ለማስወገድ ቢናገር ትዕግሥቱን አይነካበትም፤ በሽተኛ ለሐኪም እንደሚናገረው ማለት ነው። ስለዚህ መለያው የአፍ መከፈትና መዘጋት ሳይሆን የንግግሩ አቅጣጫ ነው። ባለሱቃችን «አላህ ለምን በኔ ላይ?» ብሎ ቢያጉረመርም አንድ ነገር ነው፤ «ይህ ነገር ሌሊት ሰባት ሰዓት እየመጣ ያሠቃየኛል፣ ምን ይሻለኛል?» ቢል ሌላ ነው። ሁለተኛውን ነውር ያደረግን እንደሆነ ትዕግሥትን አላስከበርንም፤ የመዳኛ በሩን ዘጋንበት እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ጥልቅ ጥያቄ ይከተላል። ቢናገርስ ማን ያውቅለታል? ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይሻገርም። ኢማም አል-ገዛሊ የራሳቸውን የዕውቀት ፍለጋ በተረኩበት መጽሐፋቸው ጠቃሚ ልዩነት አስቀምጠዋል። የጤንነትን ትርጉምና ምክንያት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ጤነኛ መሆን ሌላ ነው። ሐኪም ራሱ ሲታመም ጤንነት ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚገኝም ያውቃል፤ ጤንነቱ ግን የለውም። አንዱ በትምህርት የሚገኝ ዕውቀት ነው፤ ሌላው በመቅመስ።

ይህን ልዩነት ወደ ጉዳያችን ስናመጣው መልሱ ይገለጣል። ሐኪሙ የሕመሙን ትርጉም ያውቃል፤ የቀመሰው ግን ሌላው ታማሚ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ሐኪሙ «ይህ የአንጎል እጢ አይደለም፣ ይህ መድኃኒት ይረዳሃል» ይላል። የቀመሰው ደግሞ ሐኪሙ በሙሉ አፉ ሊል የማይችለውን ይላል፦ «እኔም ነበርኩበት፤ ያልፋል፤ እነሆ አለሁ»። ይህች አጭር ቃል ከጤነኛ ሰው አፍ ስትወጣ ማጽናኛ ትሆናለች፤ ከታማሚ አፍ ስትወጣ ግን ምስክርነት ነች።

የሰው ለሰው ድጋፍ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የምንል ከሆነም የራሳችንን ታሪክ እንይ። በ1990ዎቹ የፈረንጆች ዘመን መጨረሻ፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ከቤት በሚባረርበት ጊዜ፣ መቅድምና የተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት በአዲስ አበባ የተቋቋሙት ቫይረሱ በደማቸው ባለ ሰዎች ነበር። ጎጃምንም እንይ። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ አብጦ ዝሆኔ ይይዘዋል። ይህ ዓይነቱ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ነገር ግን ለዘመናት እንደ እርግማን ተቆጥሮ ታማሚው ከገበያና ከሠርግ ሲሸሽ ኖሯል። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ በ696 ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በወጉ መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ካልሲና ጫማ ማድረግ ትኩሳት ይዞ የሚመጣውን የእግር ቁስለት ግርሻ እንደሚቀንስ አሳየ። በወላይታም እ.ኤ.አ በ1998 በተጀመረው የሞሲ ፉት ሥራ፣ ከታከሙት ውስጥ አንዳንዶቹ ሌላውን ታማሚ የሚያስተምሩ ሆነዋል። እግሩን ደብቆ የኖረ ሰው መጀመሪያ እግሩን የሚያሳየው እግሩ ላበጠ ሰው ነው።

ታዲያ ክላስተር ያለባቸው ሰዎች ቢገናኙ በተግባር ምን ይጠቃቀማሉ? እንዘርዝር።

አንደኛ፣ ሰዓትና ወራት መመዝገብን ይማማራሉ። መቼ ጀመረ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ የትኛው ዓይን አነባ የሚል ደብተር የያዘ ታማሚ በሐኪም ፊት ግማሽ መንገድ ሄዷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ በ2006 ነው። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነስቶ ስፔሻሊስት ዘንድ የሚደርስ ሰው የሚያገኛት ጊዜ አጭር ናትና ደብተሩ ይናገርለት።

ሁለተኛ፣ ተራ ክኒን ለምን እንደማይሠራ ይነጋገራሉ። ክኒኑ ሆድ ውስጥ ሟሙቶ ሥራ እስኪጀምር ግርሻው አልፏል። እ.ኤ.አ በ2009 በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት ግን በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን፣ በደቂቃ 12 ሊትር ለ15 ደቂቃ የተሰጣቸው ታማሚዎች ከመቶ 78ቱን የሕመም ጊዜያት እንደረዳ፣ ተራ አየር ግን 20ውን ብቻ እንደረዳ አሳይቷል። ኦክስጅን ሆስፒታል ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሌሊት ተረኛውን ነርስ «ለራስ ምታት ኦክስጅን ስጪኝ» ማለት ግን ያስቃል። ስለዚህ የበሽታውን ስም፣ የኦክስጅኑን መጠንና ጊዜ የያዘ፣ ሐኪም የፈረመበት ወረቀት በኪስ መያዝ ይገባል። ይህን የሚያውቀው ተስቆበት የተመለሰ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ቤተሰብን ያስተምራሉ። በግርሻው ሰዓት ጥያቄ ማብዛት፣ መያዝና ማስተኛት አይረዳም። በሩን ከፍቶ መንገድ መልቀቅ፣ ዝም ብሎ አጠገብ መሆን ይረዳል። በዚያ ሰሞን መጠጥ ሕመሙን እንደሚቀሰቅስ ይታወቃል፤ ሲጋራ ማቆምና የእንቅልፍ ሰዓትን አለማዛባትም ይመከራል። ረመዳን በዚያ ሰሞን ከገጠመ ለበሽተኛ የተሰጠ ሩኽሳ አለ፤ ከሐኪምና ከዓሊም ጋር ተማክሮ መወሰን እንጂ መድኃኒትን በዝምታ መተው ጀግንነት አይደለም።

አራተኛ፣ በከፋው ሰዓት ሞትን እስከ መመኘት የሚደርስ ሰው አለ። ይህን የሰማ ሰው በስብከትና በተግሣጽ አይቸኩል። አጠገቡ ይሁን፣ ብቻውን አይተወው፣ ወደ ሆስፒታልም ይውሰደው።

በሌላ በኩል ስጋቱን መሸፋፈን ተገቢ አይደለም። ታማሚዎች ተሰብስበው መድኃኒት ሲለዋወጡ አደጋ አለ። ለምሳሌ ግርሻውን ለመከላከል የሚሰጠው ቬራፓሚል የልብን ምት የሚነካ ስለሆነ በልብ ምርመራ (ኢ.ሲ.ጂ) ክትትል የሚወሰድ ነው፤ ለአንዱ የታዘዘው ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። እንዲሁም ድንገት እንደ መብረቅ የመጣ ራስ ምታት፣ ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር የሆነ፣ እጅና እግርን የሚያሰንፍ ወይም ዓይንን የሚጋርድ ሕመም የጓደኛ ምክር የሚጠበቅበት አይደለም፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው። ሌላው ስጋት፣ ሰዎቹ ስለ ሕመም ብቻ እያወሩ ሕመሙን ማንነታቸው እንዳያደርጉት ነው። የመሰል ታማሚ ጉባኤ ዋጋው የሚለካው ከስብሰባው ሲወጡ ወደ ሱቃቸው፣ ወደ ልጆቻቸውና ወደ ሐኪማቸው በተሻለ ልብ የሚመለሱ በመሆናቸው ነው። መካሪም «እኔን ረዳኝ» ይበል፤ «አንተንም ያድንሃል» አይበል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ግን የማያውቀውን መናገር ነው።

በመጨረሻ የጤነኞቹ ዕዳ አለ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ሲቃጠሉ ከየአቅጣጫው ድጋፍ ጎረፈ፤ ድርጊቱንም ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አወገዘው። ቃጠሎው ጢሱ ይታይ ነበርና ማንም «ማስረጃ አምጡ» አላለም። የባለሱቃችን ቃጠሎ ግን ጢስ የለውም። ልባችን ለሚታየው ፈጥኖ ይራራል፤ ፈተናው ለማይታየው መራራት ነው። ሕመሙን ልንቀምስለት አንችልም፤ ልናምነው ግን እንችላለን። ማመን ደግሞ ገንዘብም ዕውቀትም አይጠይቅም።

ስለዚህ ከየጀመዓችንና ከየእድራችን መካከል እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እህት ብትኖር፣ «እስቲ ንገረኝ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣብህ?» እንበል። እንደሱ የታመመ ሰው ካወቅንም፣ ሁለቱ ፈቅደው ከሆነ፣ እናገናኛቸው። የታመመ መጠየቅ ከሚያስመነዱን ሥራዎች አንዱ ነው፤ ሆኖም መጠየቅ ማለት ብርቱካን አንጠልጥሎ መሄድ ብቻ አይደለም፤ መልሱን እስከ መጨረሻው መስማትም ጭምር ነው።

አላህ ለበሽተኞቻችን ሁሉ ሺፋውን ይላክልን።