ተዋናይት ክብር ይገባታልን?

በቡሬና በዙሪያው ባለው በምዕራብ ጎጃም አገር ሠርግ ያለ አዝማሪ አይደምቅም። ባልየው ማሲንቆውን ሲመታ ሚስቲቱ ግጥሙን ታወርዳለች፤ ልጆቻቸውም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ሙያውን ይለምዱታል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ ነገር ግን እንደ ርስት አያኮራም። ሌሊቱን በእልልታ የተቀበላት ባለ ድግስ፥ ልጅህን ለልጄ ዳርልኝ ብትለው ፊቱን ያዞራል። እንግዲህ ከሰው አፍ ደስታን ተቀብሎ ለዚያው ሰው ክብርን መንፈግ ፍትሕ ነውን?

ቴአትርን የሚነቅፉ ሰዎች አስቀድመው ሐሰት ነው ይላሉ፤ ያልሆኑትን ሆኖ መታየት ነውና። ለዚህስ ቅኔ የቀመሰ ሰው መልስ አያጣም። ሰሙ ወርቁን የሚሸፍነው ለማታለል አይደለም፤ ሰሚውም ሰም መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህ ባለቅኔውን ሐሰተኛ ያለው የለም። የደብረ ኤልያሱ ተወላጅ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም ከጎጃም ቅኔ ቤት ወጥተው፥ በ1939 ዓ.ም. ሳያርፉ ብዙ ቴአትር ደርሰዋል። በዚያ ዘመን ግን የሴቲቱን ነገር የሚናገረው ቀሚስ የለበሰ ወንድ ነበረ። (ሐሰትን የሚጠላ ሰው ይህን እንዴት ዝም ብሎ አየው?)

ሁለተኛው ነቀፋ ይከብዳል። ሴት በሰው ሁሉ ዓይን ፊት ስትቆም ገላዋም ስሟም የተመልካቹ ይሆናል ይላሉ። ነገሩ እውነት አለበት፤ ነገር ግን ኃጢአቱን ከሚያየው ዓይን አንሥቶ በምትታየው ላይ ይጭነዋል። ይህን ሸክም በአገራችን መድረክ ላይ በመጀመሪያ የተሸከሙት፥ በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በተዋናይነት የቆሙት ባለ ክራሯ አስናቀች ወርቁ ናቸው። የአዝማሪ ልጅ ንቀትን እንዴት እንደሚችሉት ከእናቷ ትማራለች፤ ለእርሳቸው ግን በዚያ መድረክ ላይ ቀድማ ቆማ የምታስተምራቸው ሴት አልነበረችም። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አገሩ ሁሉ አመሰገናቸው። በሕይወት ሳሉ አንቺ ይላቸው የነበረው ስንቱ ነው?

ቤተ ክርስቲያንም ከተዋንያን ወገን ባለውለታ አላት። ንግሥት ቴዎድራ በቍስጥንጥንያ የድብ ጠባቂ ልጅ ነበሩ፤ አባታቸው ሲሞት እናታቸው ሦስቱንም ሴቶች ልጆች ለመድረክ እንዳበቋቸው የሚጠላቸው ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። ተዋናይት የነበረች ሴት ባለ ማዕረግ እንዳታገባ ሕግ ይከለክል ስለ ነበረ፥ ንጉሡ ዮስጢኖስ ሕጉን ለወጠ፤ ዮስጢንያኖስም አገባቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ527 ነገሡ፤ እስከ 548 ዕረፍታቸውም የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉትን አባቶች በቤተ መንግሥት አስጠጉ፤ ታላቁን ሳዊሮስንም ከአሳዳጆቹ አስመለጡ።

ነገር ግን ያ ሕግ የማረው መድረኩን የተወችውን ብቻ ነበረ። የአንጾኪያዋ ቅድስት ጲላግያም የተመሰገነችው ጌጧን ጥላ በመሄዷ ነው። ንስሓን ማክበር የተገባ ነው፤ ቢሆንም አስናቀች ክራራቸውን አልጣሉም፤ የቡሬዋም አዝማሪ ሙያዋን ብትተው ልጆቿን የምታበላው የላትም። ባለ ድግሱም ለሚመጣው ሠርግ ይጠራታል።