ስለ አንዲት ወፍ ስም እና ስለ ዝምታ

ወፍ ለማየት በተሰባሰቡ ሰዎች መካከል ፖለቲካ ሊነሳ ይገባል ወይ? መልሱ ለረጅም ጊዜ ግልጽ ይመስለኝ ነበር፤ አይገባም። ይህን እምነቴን የነቀነቀው አንድ ስም ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል ካለው የግራር ምድር በቀር በዓለም የትም የማትገኝ፣ ከቁራ ወገን የሆነች ወፍ አለች። ገላዋ ግራጫ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር ነው፤ ዓይኗን ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ ይከበዋል። እሾሃማ ጭራሮ እየለቀመች ግራር ላይ ድቡልቡል ጎጆ ትሠራለች። ሳይንሳዊ ስሟ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬሰማኒ ነው። ስሙን ያወጣላት ጣሊያናዊው ሞልቶኒ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1938፣ አገራችን በወረራ ሥር ሳለች ነበር። የስሟ የመጀመሪያ ቃል የተወሰደበት ኤዶአርዶ ዛቫታሪ ማን ነው? በዚያው ዓመት የፋሽስቶቹን የዘር ማኒፌስቶ ከፈረሙት አሥር ምሁራን አንዱ።

«ሳይንስን ከፖለቲካ አትቀላቅሉ» እያሉ ያሳደጉን መምህራንና የመስክ መጻሕፍት ይህን ስም አስጠንተውናል፤ የማን እንደሆነ ግን አልነገሩንም። ባለማወቅ ከሆነ ይቅር ይባላል። ዝምታውን ራሱን ሳይንስ ብለው ስለጠሩት ግን ተቆጥቻለሁ። ፖለቲካው ከእኛ ቀድሞ ገብቶ በወፏ ስም ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ በኋላ የመጣው ጠያቂ «ፖለቲካ አመጣህ» ተብሎ እንዴት ይከሰሳል? ስም ከተነካ ሥርዓቱ ይናጋል የሚሉም አሉ። የሳይንሳዊ ስም መጽናት ጥቅሙ ይገባኛል። ነገር ግን ስም ሳይቀየርም ታሪኩን መናገር ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡብ ጦር ጄኔራል በነበረው በማኮውን ስም ትጠራ የነበረች ወፍ እ.ኤ.አ. 2020 ሌላ የእንግሊዝኛ ስም ወጥቶላታል፤ ሰዎቹ ወፍ ማየታቸውን አልተዉም።

አንዱ ተቃውሞ ግን አልለቅ ብሎኛል። በእኛ አገር ፖለቲካ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሰው ዘመዱን የቀበረበት፣ ከጎረቤቱ የተኳረፈበት፣ ስሙን ሲናገር ወገኑ የሚገመትበት ነገር ነው። እንዲህ የቆሰለ ሰው ጎሕ ሲቀድ ባይኖኩላሩን አንግቶ ሲወጣ የሚፈልገው የአንዲት ሰዓት ዕረፍት ነው። አጠገቡ የቆመው የሌላ ወገን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ያገናኘቻቸው «አየሃት? ከቅርንጫፉ በስተግራ» የምትል አጭር ቃል ናት። ክርክር ከተከፈተ ያቺም ቃል ትቀራለች፤ ወፏም ሁለት ተቆርቋሪ ታጣለች። ይህን ፍርሃት ነው ብዬ ልለፈው ብል አልሆነልኝም፤ ፍርሃት ቢሆንም እንኳ ምክንያት ያለው ፍርሃት ነው። ስለዚህ ለማስታረቅ አንድ መስመር አሰብኩ፦ ከወፏ የሚነሳው ይነገር፣ በወፏ ላይ የሚጫነው ይቅር። መስመሩ ግን ነገሌ አጠገብ ካለው የሊበን ሜዳ ሲደርስ ይጠፋል። በሜዳው ላርክ የምትባል ትንሽ ወፍ በሣር ውስጥ ትኖራለች፤ ሣሩም በግጦሽ ብዛት፣ በቁጥቋጦ መስፋፋትና በእርሻ እየጠበበ ሄዷል። እንዲያገግም ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ካሎ ነው፤ ቦረናዎች ለጥጆቻቸው የሚከልሉት ግጦሽ። ታዲያ የትኛው ሜዳ ይከለል? ማን ይወስን? የማን ከብት ይመለስ? ጥያቄው በቀጥታ ከወፏ የመጣ ነው፤ ሆኖም አገሪቱን ከሚያጣላት የመሬት ጥያቄ አይለይም። ወፏን እንወዳለን እያልን ሣሩ የማን እንደሆነ አንጠይቅም ማለት አያስኬድም። ከጠየቅን ደግሞ ያ ዕረፍት ፈላጊ ሰው ጥሎን ሊሄድ ይችላል።

እዚህ ላይ ቆሜአለሁ። ፓርቲ ሊያሞግስ ወይም ብሔር ሊሰድብ የመጣ ሰው ይውጣ ቢባል አልከራከርም። ለዚያ ለቆሰለው ሰው ምን ዓይነት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ቦታ እንደሚተውለት አላወቅኩም፤ ምናልባት ንጋቱ ለወፏ ብቻ፣ ከሰዓት በኋላው ለጥያቄው ይሆን ይሆናል። ዛቫታሪ ማን ነበር ብሎ የጠየቀን ሰው ዝም በል የሚል ደንብ ከመጣ ግን፣ ደንቡን ማን እንዳወጣው ሳልጠይቅ አላከብረውም።