የጦርነት ርስትና የመታሰቢያ ፍትሕ

በጦር አለቃነት ከተገኘ ሹመትና ርስት የተሠራ ቤት በቅርስነት ሲጠበቅ፣ ጥበቃው የባለቤቱን ጽድቅ መመስከር ነው ወይስ ሌላ ትርጉም አለው የሚለው ጥያቄ ከሥነ ሕንፃ ይልቅ የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ ነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌና ወደ የካ የሚዘረጋው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ይህን ጥያቄ በየሰፈሩ ያነሣል። ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው ቤት በጦር ሚኒስትርነት ያገለገሉት የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ነበር፤ በቀበና በኩል ያለው ሰፊ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢም፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዓድዋ ድል በኋላ የአውሮፓ መንግሥታት ከዐፄ ምኒልክ ጋር ለመወዳጀት መልእክተኞች በላኩበት ዘመን የተገኘ ነው።

መንግሥት ለሠራዊቱ ደመወዝ የሚከፍልበት በቂ ገንዘብ ባልነበረው በዚያ ዘመን፣ የጦር አገልግሎት ዋጋ በአብዛኛው የሚከፈለው በጉልት፣ ማለትም ከአንድ አገር ነዋሪዎች ግብርና ጉልበት የመቀበል መብት፣ ነበር። ስለዚህ የመኳንንቱ አዳራሽ የጀግንነት ፍሬ ብቻ ሳይሆን፣ እህሉንና ጉልበቱን ያቀርብ የነበረው ገባር፣ የባርነት ሥርዓት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ ያለ ፈቃዳቸው ያገለገሉ ሰዎች፣ እንዲሁም ከተማዋ ከመቆርቆሯ አስቀድሞ በየካ፣ በጉለሌና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ ኦሮሞዎች ታሪክ ነው። ሁኔታው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካን የነፃነት ጦር የመራው ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1799 ሲሞት፣ ማውንት ቨርነን በተባለው ርስቱ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ስፍራ ለእነርሱ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በግፍ በወሰደ ጊዜ ነቢዩ ኤልያስ የገሠጸው በዚያው በወይኑ ቦታ ተገናኝቶት ነውና፣ ንጉሥነት በደልን እንደማይሽር ምእመናን ከጥንት ያውቃሉ። ይሁን እንጂ በደል ያለበትን ቤት ማፍረስ በደሉን አያነጻም፤ ማስረጃውን ያጠፋል እንጂ። ለዚህ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተዝካር ሥርዓት፣ ይኸውም በ40ኛው ቀንና በሌሎችም ዕለታት ለሞተ ሰው የሚደረገው ጸሎትና ምጽዋት፣ ብርቱ ትምህርት ይሰጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ሟቹን የምታስበው ኃጢአት የለበትም ብላ ሳይሆን ምሕረት ያስፈልገዋል ብላ ነውና። የርስትን ቤት መጠበቅም በዚሁ መንፈስ ሲሆን፣ አገርን ከወራሪ ያዳነ ጀግንነት ሳይካድ፣ ጀግናውን ያበላውና ያገለገለው ሰው ድርሻም ሳይሸሸግ ይነገራል። በየቤቱ ደጃፍ የሚቆመው ጽሑፍ የመኰንኑን ስም ከገባሩና ከአገልጋዩ ታሪክ ጋር አብሮ ሲይዝ፣ ቅርስ ጥበቃ ከውዳሴ ወደ ፍትሕ ይሸጋገራል፤ ትውልድም ከድሉ ጋር የድሉን ዕዳ ይወርሳል።