የማይከፈት ምስል አለ ይባላል?

ከስልክ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ ፎቶ ስሙ፣ መጠኑና የተነሳበት ቀን እየታየ አልከፈት ሲል፣ ጥያቄው ከቴክኒክ አልፎ ፍልስፍና ውስጥ ይገባል፤ ማንም ሊያየው ያልቻለ ምስል አለ ይባላል ወይስ የለም?

ምክንያቱ ራሱ ቀላል ነው። አይፎን ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ ብዙውን ጊዜ ፎቶን ኤችኢአይሲ በሚባል ቦታ ቆጣቢ ፎርማት ያስቀምጣል። ዊንዶውስ 7 ይህን አያውቀውም፤ ዊንዶውስ 10ም ተጨማሪ ማንበቢያ ካልተጫነለት ላይከፍተው ይችላል። ኬብል ቢቀየር፣ ፍላሽ ቢቀየር ለውጥ የለውም። ፋይሉ በደህና ደርሷል፤ የጠፋው አንባቢው ነው።

ምስሉ አለ ለሚል ሰው ማስረጃው ቅርብ ነው፤ ያው ፋይል ወደ ስልኩ ሲመለስ ይከፈታል። የለም የሚለውም ባዶ እጁን አይደለም፤ ዲስኩ ላይ ያለው የቁጥር ሰልፍ እንጂ ፊትም ቀለምም አይደለም። ሁለቱም ግማሹን ይዘዋል።

ሁለቱም የሳቱትን ግማሽ የጋሞ ሕዝብ ባህል ያሳያል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ቡራዩ የጋሞ ተወላጆች በመገደላቸው የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ውስጥ ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ሳሩ ከብት የሚግጠው ሳር ነው። ሳሩን ክልከላ ያደረገው ወጣቱ ከልጅነቱ ያደገበት ባህል ነው። ባህሉን የማያውቅ መንገደኛ ሽማግሌዎቹንም ሳሩንም አጥርቶ ያያል፤ ክልከላውን ግን አያየውም።

በቪዲዮ ነገሩ ይብሳል። አሮጌ ኮምፒውተር ኤችኢቪሲ በሚባል የቪዲዮ ፎርማት የተቀዳ ቪዲዮ ሲሰጠው አንዳንዴ ድምፁን እያሰማ መስኮቱን ጥቁር ያደርገዋል። እንደ ሽማግሌዎቹ ያለውን ትዕይንት በዚያ መንገድ የሚከታተል ሰው የሕዝቡን ጩኸት ይሰማል፤ መንበርከክና ሳር ግን ድምፅ የላቸውም። ቁጣው ይቀራል፣ ቁጣውን ያስቆመው ይጠፋል። ምንም ካለመከፈት ይልቅ እንዲህ በግማሽ መከፈት የባሰ ሳያሳስት አይቀርም።

ፎቶን ወደ ጄፔግ መለወጥ ችግሩን ይፈታል። የእነዚያ ሽማግሌዎች ፎቶ ቢለወጥ ቁጥሮቹ እንደ አዲስ ይጻፋሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ስለዚህ ምስል ማለት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው ማለት አያስኬድም። ቅጂውም ወሰን አለው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ የሚላከውን ይጨምቃል፣ በፋይል መልክ የተላከውን እንዳለ ያደርሳል። ብዙ እጅ በዞረ ቅጂ ላይ የተንበረከከው ሰው ይለያል፤ የያዘው ሳር ይሁን ጨርቅ ግን ላይለይ ይችላል። ያን ጊዜ ፎቶው የሰው ፎቶ ሆኖ ይቀራል፣ የዕርቅ ፎቶ መሆኑ ግን ያከትማል፤ ከዋናው ፋይል በቀር የሚመልሰው የለም።